የባትሪ ተራ ቀማሽ

በ2081 ዓ.ም. በባትሪ ተራ ሁለት ሰዎች ጠዋት መንገድ ላይ ሲገናኙ መጀመሪያ የሚጠያየቁት ስለ ጤናቸው አይደለም። «ውኃው እንዴት አደረ?» ይላል አንዱ። «ተመስገን፣ ጠርቶ አደረ» ይላል ሌላው። ስለ ልጅ፣ ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ኑሮ ውድነት የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው።

እታፈራሁ ሽብሩ በዚያ ሐሙስ እንደ ወትሮዋ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣች። ፊቷን ታጠበችና ተራው የደረሰውን ጣቷን ጥፍር ቆረጠች፤ ቁራጩን በወረቀት ጠቅልላ በሯ ላይ ባለችው ቀዳዳ ከተተችው። የጥፍር ሰብሳቢው ጋሪ ያለ ነጂ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ያልፋል። ጥፍር ያልሰጠ ቤት ቀኑን ሙሉ ቧንቧው አይከፈትለትም። የሰጠ ደግሞ ጥፍሩ ተመርምሮ በደሙ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ማታ በስልኩ ይነገረዋል። ይህ ሁሉ ከተለመደ ቆይቷልና የሚያማርር የለም። ጥፍር መቀባት ስለማይፈቀድ ሙሽሮች ብቻ በሠርጋቸው ሰሞን ትንሽ ያኮርፋሉ።

እታፈራሁ ጉንፋን ይዟት ነበር። አፍንጫዋ ድፍን ብሏል። ዝንጅብልና ጤና አዳም አፍልታ ጠጣች፤ ሎሚ ግን አልጨመረችበትም። ይህች ሴት ሎሚ አፏ ውስጥ ካስገባች ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗታል። ምክንያቱን አሁን እንደርስበታለን።

ባትሪ ተራ ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው። አያቶች ቤንዚን የሚጠጣውን መኪና ትተው በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ገዙ። መኪኖቹ አረጁ፤ ባትሪዎቻቸውም እንደ ጡረተኛ ወደዚህ ሸለቆ ተሰበሰቡ። አሁን ሦስት መቶ አርባ ቤተሰብ ባትሪ እየፈታ ይኖራል። ባትሪ ሲፈታ ይታጠባል፤ ሲታጠብ ኒኬሉም ኮባልቱም ሌላውም ስሙ ለአፍ የማይመች ነገር ሁሉ በውኃው ይወርዳል። ከታች ደግሞ ጎመን ተራ አለ። ጎመን ተራ የከተማውን ግማሽ ቆስጣና ሰላጣ ያበቅላል፤ የሚያጠጣውም ሌላ ውኃ የለውም። በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ያሉት እታፈራሁና ድንጋዮቿ ናቸው።

ድንጋዩ ቀይ አሽ ነው። ድሮ ከቤት ወለል ሥር ይደለደል የነበረው፣ ሁለመናው ቀዳዳ የሆነው ተራ ድንጋይ። ጥሬው ሰነፍ ነው፤ ጥቂት ይይዛል፣ ብዙ ያሳልፋል። ስለዚህ እንደ ወይፈን ይገራል። የሽምብራ ፍሬ እስኪያክል ይደቃል፣ ይታጠባል፣ ሦስት ቀን በአፋር ጨው ይዘፈዘፋል፣ ይቆላል፣ በዝገት ውኃ ተነክሮ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ተገርቶ ሲወጣ ውኃው በሚያልፍባቸው ሰባት መደቦች ይነጠፋል፤ እዚያም ጨዉን እየለቀቀ በምትኩ መርዙን ይነክሳል፤ ነክሶም አይለቅም። ከጠገበ በኋላ ከመደቡ ተነሥቶ እንደ ሸክላ ይተኮስና ይቀበራል። የነከሰውን የሚያስለቅቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የሚኮመጥጥ ነገር ነው። በእታፈራሁ ግቢ በር ላይ «ሎሚና ኮምጣጤ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል የተጻፈው ለዚህ ነው። ሎሚ የነካው ሰላጣ ይዞ የመጣ ሠራተኛ ምሳውን በር ላይ ቆሞ ይበላል፣ እጁን በአመድ ታጥቦ ይገባል። እሷ ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ለመንቀል ብላ ሎሚን ከነአካቴው ተወችው።

እታፈራሁ ድንጋይ ገሪ ብቻ ሳትሆን ቀማሽም ናት። የቀማሽነት ነገር የመጣው ከክፉ ዘመን ነው። በ2040ዎቹ የውኃ ጥራት የሚለኩት ሜትሮች ሁሉ ውኃው ንጹሕ ነው ይሉ ነበር፤ ሜትሩን የሚገዛው ውኃውን የሚለቀው ራሱ ነበርና። ሜትሩ ንጹሕ ነው እያለ የሰው እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የእታፈራሁ ታላቅ ወንድም ልብስ ሰፊ ነበር፤ በሠላሳ አራት ዓመቱ ክር በመርፌ ማስገባት አቃተው። መጨረሻ ላይ ሕዝቡ ሜትሩን ሁሉ አውልቆ ጣለና ከጥንት ወደሚያውቀው ልማድ ተመለሰ። ጠጅ የሚቀዳ አሳላፊ ለእንግዳው ከመስጠቱ በፊት እጁ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ የለ? ደንቡ አንድ መስመር ሆኖ ወጣ፦ ያጠበ ይቅመስ።

እናም በየቅዳሜው በሦስት ሰዓት የሁለቱ ሰፈር ሰዎች በመካከላቸው ባለችው ድልድይ ላይ ይሰበሰባሉ። ከመደቦቹ የወጣው የሳምንቱ ውኃ ድልድዩ አጠገብ ባለው ኩሬ ሞልቶ፣ በሩ ተዘግቶ ይጠብቃል። እታፈራሁ በብርጭቆ ትቀዳለች፣ «ያጠብኩትን ቀመስኩ» ትላለች፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ትጨልጣለች። የጎመን ተራው ተቀባይ ጋሽ ደበላ «የቀመስሽውን ተቀበልኩ» ይላሉ። ከዚያ የኩሬው በር ይከፈታል። ጋሽ ደበላ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ የሰላጣ ገበሬ ናቸው፣ ጢማቸውን ማበጠር ይወዳሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲቀበሉ አንድ ቀልድ አላቸው፤ ከጠጣች በኋላ ጠጋ ብለው «ምን ምን ይላል?» ይሏታል። እሷም «ውኃ ውኃ ይላል፣ ጋሽ ደበላ» ትላቸዋለች። ሁለቱም ይሥቃሉ። ቀልዱ አርጅቷል፤ ነገር ግን ያለ እሱ ቅዳሜ አይሆንም።

የዚያ ሳምንት ቅዳሜ ግን የአምስት ዓመቱ ቃል ማደሻ ነበር። ጎመን ተራ እጅ አውጥቶ «ከባትሪ ተራ እንቀበላለን» ወይም «አንቀበልም» የሚልበት ቀን ነው። ከሩቅ ተራራ የሚመጣ ቧንቧ ሊዘረጋላቸው የሚፈልግ ድርጅት ሰሞኑን በየቤቱ ሲዞር ከርሟል። ተቀባይ የሌለው ውኃ ደግሞ በሕግ አይለቀቅም። ጎመን ተራ እምቢ ካለ ባትሪ ተራ አንዲት ባትሪ መፍታት አይችልም፣ የእታፈራሁም ግቢ ይዘጋል። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ቅዳሜ ገደማ ቀምሳለች፤ አንድም ቀን አላጓደለችም። በዚህ ትኮራ ነበር፤ መኩራቷንም አትደብቅም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ከጎመን ተራ አንድ ጋሪ መጣ። ሁለት ጆንያ ይዟል። ጆንያዎቹ የእታፈራሁ ናቸው። ከሦስት ሳምንት በፊት ጋሽ ደበላ ሰላጣ የሚያጥቡበትን ውኃ የሚያጠሩባት ትንሽ መደብ ድንጋይዋ ጠግቦባቸው ሁለት ጆንያ የተገራ ድንጋይ ሰጥታቸው ነበር። አሁን ጆንያዎቹ ሞልተው ተመለሱ፤ አፋቸው ጋሽ ደበላ በሚያውቁት በሦስት ቋጠሮ በቃጫ ታስሯል። ከላይ በወረቀት «ዕቃ ባዶ አይመለስም» ተብሎ ተጽፏል።

ፈታ አድርጋ አየችው። ቀይ ነው፣ ያበራል፣ አንድ በአንድ የተለቀመ ይመስላል። ልቧ በደስታ ሞላ።

«እይ እስቲ ኑርሁሴን፣ እንዴት አድርገው እንዳጠቡት!» አለች።

ኑርሁሴን የባትሪ ፈቺዎች ማኅበር ጸሐፊ ነው፤ አርባ ዓመቱ ነው፣ ሁሉንም ነገር ይፈራል። ሕግ የማያውቃትን አንዲት ሜትር ለገዛ ልቡ ማረፊያ በኪሱ ይዞ ይዞራል።

«እትዬ፣ ከመጨመራችን በፊት ትንሽ ዘፍዝፈን ሜትሯ ብታየው?» አለ።

«የሰው ስጦታ በሜትር ልትመረምር? እኚህ ሽማግሌ ቢሰሙ ምን ይሉናል? አታፍርም?»

«አፍራለሁ እንጂ» አለ ኑርሁሴን፤ እውነቱን ነበር።

ሰባተኛውና የመጨረሻው መደብ ሁለት ጆንያ ያህል ጎድሎት ነበር። እታፈራሁ ጎትታ ወስዳ በገዛ እጇ ገለበጠችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የገዛ እጇን ሥራ እንኳ ሦስት ጊዜ ሳትፈትሽ ወደ ውኃ የማትሰድድ ሴት፣ ይሉኝታ ጠልፎ ጣላት። ቢያንስ አፍንጫዋ ቢሠራ ኖሮ ታውቀው ነበር። አፍንጫዋ ግን ድፍን እንዳለ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነቃ ጉንፋኑ ለቋት ነበር። አየሩን በሁለቱም አፍንጫዋ ሳበችውና «ተመስገን» አለች። አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ ወደ ግቢው ወረደች። አንደኛውን መደብ አለፈች፣ ሁለተኛውን አለፈች፤ አምስተኛው ጋ ስትደርስ አንድ ነገር ሸተታት። «ማነው ደግሞ ሰላጣውን እዚህ የበላው?» ብላ ተቆጣች። ስድስተኛው ጋ ሽታው ጠነከረ። ሰባተኛው ዳር ተንበረከከችና አንድ እፍኝ ድንጋይ አውጥታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

ሎሚ ነው።

እዚያው ተቀመጠች። ድንጋዩ ሰላጣ ማጠቢያ መደብ ውስጥ ጠግቦ የወጣ አሮጌ ድንጋይ መሆኑን፣ እንዲያምር ተብሎ በሎሚ መታሸቱን፣ ሎሚው በየቀዳዳው ተደብቆ ቀርቶ የተነከሰውን ሁሉ እያስለቀቀ ወደ ኩሬው እየላከው መሆኑን ያለ ሜትር ዐወቀችው።

ኑርሁሴን እየሮጠ ደረሰ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ! ኒኬሉ ከወሰኑ ሦስት እጥፍ ሆኗል! ሜትሯ ተበላሽታ ነው ብዬ ሁለቴ ለካሁ፤ ያው ነው!»

«ሜትርህ ደኅና ናት። እስቲ ይኼን አሽትተው።»

አሸተተው። ዐይኑ ፈጠጠ። «ሎሚ ነው እኮ! ማነው በሎሚ ያጠበው?»

«ጋሽ ደበላ ናቸዋ። ባዶ ጆንያ መመለስ ቢያሳፍራቸው ያላቸውን ሰጡን። ለእኛ ክብር ብለው ነው ያጠቡት።»

ኑርሁሴን ዞር ዞር ብሎ አካባቢውን አየ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ አይቆጡኝና… አንድ ብርጭቆ ሰው አትገድልም። ኒኬል ጣዕም የለው፣ ሽታ የለው። ሜትሩን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዛሬ ይቅመሱት፣ ቃሉ ይታደስ፤ ሰኞ መደቡን እንጠርጋለን።»

«እኔንማ አይገድለኝም። ውኃው ግን እኔ ሆድ ውስጥ ብቻ አይቀርም፣ ሳምንቱን ሙሉ ሰላጣ ላይ ሲፈስ ሊከርም ነው።»

«እንግዲያስ እውነቱን ይናገሩ! ጥፋቱ የእነሱ ነው። ድንጋዩን የላኩት እነሱ ናቸው። ለምን እኛ እንዋረዳለን?»

እታፈራሁ አሰበችው። ጋሽ ደበላ በዚህ ቀን ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ጢማቸውን አበጥረው በሰፈራቸው ሕዝብ ፊት ይቆማሉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «እኚህ ሽማግሌ ናቸው ያበላሹት» ብላ ጣቷን ስትቀስር ታያት። ሆዷ እምቢ አለ። ፈራች። የፈራችው ግን መቅመሱን አልነበረም። ብትቀምስ ማንም እንደማይነቃባት ማወቋ ነው ያስፈራት።

«ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አለች ተነሥታ አቧራዋን እያራገፈች። «እንሂድ።»

ድልድዩ ጢም ብሏል። በወዲህ በኩል የባትሪ ተራ ሰዎች ቱታቸውን አጥበው፣ በወዲያ በኩል የጎመን ተራ ሰዎች የጎመን ዛላ ኮሌታቸው ላይ ሰክተው ቆመዋል። የቧንቧው ድርጅት ሰውዬም አንድ ጥግ ላይ ፈገግ እንዳለ ቆሟል። ጋሽ ደበላ ነጭ በነጭ ናቸው። እታፈራሁን ሲያዩ ጢማቸው ከነፈገግታው ተነሣ።

«ድንጋዬን አየሽልኝ?» አሉ በሹክሹክታ።

«አየሁት ጋሽ ደበላ። እንዲያ ያማረ ድንጋይ ዐይቼ አላውቅም።»

ይህም ውሸት አልነበረም።

እታፈራሁ ብርጭቆውን ከኩሬው ቀዳች። ወደ ፀሐዩ አነሣችው፤ ውኃው ጥርት ብሏል፣ ወለል አድርጎ ያሳያል። ወደ ከንፈሯ አስጠጋችው። ኑርሁሴን ዐይኑን ጨፈነ።

«ያጠብኩትን…» አለችና ቆመች። ብርጭቆውን ከአፏ አራቀችና ቀስ አድርጋ መልሳ ወደ ኩሬው ደፋችው።

«ያጠብኩትን አልቀምስም።»

መጀመሪያ የመጣው ሣቅ ነው፤ ሰዉ ቀልድ መሰለው። ከዚያ ሣቁ ከፊት ወደ ኋላ እየሞተ ሄደ። ከባትሪ ተራ በኩል አንድ ሰው «እትዬ፣ ምን ነካሽ?» ብሎ ጮኸ።

«ድንጋዬ ተሳስቷል» አለች። «ሰባተኛው መደብ ላይ ያልፈተሽኩት ድንጋይ ጨምሬያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ውኃውን ከአንደኛው መደብ እንደገና አሳልፋለሁ፣ ሰባተኛውንም ጠርጌ እንደ አዲስ አነጥፋለሁ። ስምንት ቀን ይፈጃል። እስከዚያ በሩ አይከፈትም።»

«ስምንት ቀን!» አለ የባትሪ ተራ ሕዝብ ባንድ አፍ። ኩሬው ሞልቶ በሩ ካልተከፈተ ስምንት ቀን ሙሉ አንድም ባትሪ አይታጠብም።

ከጎመን ተራ በኩል አንዲት ሴት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወጣች። «ቆይ እስቲ! ዛሬ እንዲህ ከሆነ፣ ባለፈው ሳምንትስ? አምናስ? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ምን ስታጠጪን እንደኖርሽ በምን እናውቃለን?»

«ልክ ነው!» አለ ሌላው። የቧንቧው ሰውዬ ፈገግታው ሰፋ። እታፈራሁ በሕዝብ ፊት ራቁቷን የቆመች መሰላት፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር።

ጋሽ ደበላ እጃቸውን አነሡ።

«እታፈራሁ» አሉ፣ «ያልፈተሽሽው ድንጋይ ከየት መጣ?»

«ከመጣበት መጣ።»

«አንቺ እኮ የራስሽንም ድንጋይ ሦስቴ የምትፈትሺ ሴት ነሽ። የማንን ድንጋይ ነው ሳትፈትሺ የጨመርሽው?»

«ተዉት ጋሽ ደበላ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ እኮ።»

አልተዉትም። ቀስ ብለው ድልድዩን ተሻገሩና አጠገቧ ደረሱ። የያዘችውን ብርጭቆ ሊቀበሏት ጎንበስ ሲሉ እጇ ሸተታቸው። ቀና አሉ። በግቢው አጥር ላይ ተሰጥተው ወደሚታዩት ሁለት ባዶ ጆንያዎች፣ በላያቸውም ወደተንጠለጠለው ባለ ሦስት ቋጠሮ ቃጫ ተመለከቱ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ሎሚ ነው?» አሉ በሹክሹክታ።

እታፈራሁ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

«ሎሚ ነው ወይ ነው የምልሽ!»

«ሎሚ ነው» አለች በመጨረሻ።

ሽማግሌው ወደ ሰዉ ዞሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው እስከ ድልድዩ ማዶ ተሰማ።

«ጎመን ተራ ስሙኝ! ድንጋዩን የላክሁት እኔ ነኝ። ጆንያ ተውሼ ነበር፤ ባዶውን መመለስ አፈርኩ። አዲስ ድንጋይ ደግሞ የለኝም። ከጓሮ የተጣለ አሮጌ ነበረኝ፤ ያ እንዲያምርልኝ አንድ እንስራ ሙሉ ሎሚ ጨምቄ ሁለት ቀን አሸሁት!»

«በሎሚ!» አለ ከባትሪ ተራ በኩል አንድ ጎልማሳ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ። «በሎሚ አሸሁት ይላሉ እኮ ሰውዬው!»

ባትሪ ተራ ፈነዳ። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሣቀ፤ ሠላሳ ዓመት ምሳውን በር ላይ ቆሞ ሲበላ የኖረ ሁሉ የዚያን ሁሉ ዘመን ሣቅ ባንዴ ሣቀው። ጎመን ተራዎች መጀመሪያ ነገሩ አልገባቸውም፤ ሲነገራቸው እነሱም ሣቁ። ጋሽ ደበላ ግን አልሣቁም።

«ሣቁ፣ ይገባኛል» አሉ። «አሁን ግን እኔን ስሙኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከዚህች ሴት ውኃ ስቀበል አንድ ነገር ከሆዴ ወጥቶ አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ትጠጣለች፤ አንድም ቀን አላጓደለችም። እኔም ቤቴ ስገባ ከምትለቀው ውኃ ጥቂት ቀድቼ ሦስት ዓሣ አኖርበታለሁ። አትቆጪኝ እታፈራሁ፤ ሰው ነኝ። ዓሣዎቹ አልሞቱም። ግን ‹የማይጠጣ ውኃ ቢመጣ ይቺ ሴት እምቢ ትላለች? ወይስ ልማድ ሆኖባት ትጨልጠዋለች?› እላለሁ። በምን ይታወቃል? አሥራ ዘጠኝ ዓመት በምንም አልታወቀም። ዛሬ ይኸው ታወቀ። ቃላችን በሚታደስበት ቀን፣ በሁላችን ፊት እምቢ አለች። ደግሞ እኔ እንዳላፍር ጥፋቱን ለራሷ ወሰደችው። እንግዲህ እጅ የሚያወጣ ያውጣ፤ የእኔ ይኸው!»

እጃቸው የመጀመሪያው ነበር። ቀጥሎ ያቺ እጇን ወገቧ ላይ ያደረገችው ሴት ከወገቧ አንሥታ ወደ ላይ አወጣችው። ኑርሁሴን መቁጠር ጀመረ፤ ከዚያ መቁጠሩን ትቶ ያልተነሣ እጅ መፈለግ ጀመረ። ሁለት አገኘ። አንደኛው የቧንቧው ሰውዬ ነበር፣ እሱም የሰፈሩ ሰው አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ ወንበር ላይ እንቅልፍ የወሰዳቸው አዛውንት ነበሩ።

እታፈራሁ አለቀሰች። ደስታም ነው፣ ድካምም ነው፣ እፍረትም ነው፤ የትኛው እንደ በለጠ እሷም አታውቀው። በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠራርጋ «አሁን ሥራ አለብኝ» አለችና ወደ ግቢዋ ተመለሰች።

በባትሪ ተራ ታሪክ እንደዚያ ስምንት ቀን የተሣቀበት ጊዜ የለም ይባላል። ሥራ የፈታው ባትሪ ፈቺ ሁሉ አካፋውን ይዞ መጣ። ሰባተኛው መደብ እስከ ወለሉ ተቆፍሮ ወጣ። ሎሚ የነካው ድንጋይ ተለይቶ ወደ ሸክላ መተኮሻው ሄደ። ጎመን ተራዎች በየተራ ምሳ ያመጣሉ፤ እያንዳንዱ ድስት በሩ ላይ ሲደርስ «ሎሚ የለውም!» ተብሎ በጩኸት ይታወጃል። ኑርሁሴን የዚያን ሳምንት ሜትሯን በግልጽ ይዟት ዞረ፤ አንድም ሰው አልተቆጣውም። ጋሽ ደበላ በሰባ አራት ዓመታቸው የድንጋይ መቁያው በርሜል አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አዲሱን ድንጋይ ሲያማስሉ ዋሉ። እታፈራሁ ከኋላቸው ቆማ «ይበቃዋል… አይ ገና ነው… አሁን ይውጣ!» ስትል እንደ ተማሪ ይታዘዟታል። ጨው መዘፍዘፉን ግን ራሳቸው ካልሠራሁ ብለው ስላስቸገሩ ለቀቀችላቸው፤ እሳቸውም ጨዉን አልሰሰቱለትም።

በስምንተኛው ቀን የሁለቱ ሰፈር ሰው እንደገና ድልድዩ ላይ ቆመ። ጋሽ ደበላ በብብታቸው አንድ የታጠፈ ነገር ይዘው መጡና ለእታፈራሁ ሰጧት።

«እኔ ዘንድ የቀረችው ጆንያሽ ናት። ሰሞኑን ጨው ያመላለስንባት።»

እታፈራሁ ዘረጋቻት። እጇን ከታ ዳበሰች፤ ገልብጣ አራገፈቻት። አቧራ እንኳ አልወጣም።

«ባዶ ናት?»

«ባዶ ናት» አሉ ጋሽ ደበላ ደረታቸውን ነፍተው። ሰዉ አጨበጨበ። እታፈራሁ በሕይወቷ ዕቃ ባዶውን ሲመለስላት ያ የመጀመሪያዋ ነበር፤ እንደዚያ ቀንም በስጦታ ተደስታ አታውቅም።

ከዚያ ብርጭቆውን አነሣችና ከኩሬው ቀዳች። ወደ ፀሐዩ ከፍ አደረገችው። «ያጠብኩትን…» ብላ ስትጀምር የአንድ ሽማግሌ እጅ መጣና ብርጭቆውን ከጣቶቿ መካከል ለስለስ አድርጎ ወሰደው። ጋሽ ደበላ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ራሳቸውን ቀና አድርገው ግማሹን ጠጡት። ጢማቸው ረጠበ።

«ጋሽ ደበላ! አልቀመስኩትም እኮ!» አለች እታፈራሁ ደንግጣ።

«አውቃለሁ» አሉ።

የመቅመስ ደንብ ከወጣ ጀምሮ ቀማሽ ሳይቀምስ የጠጣ ተቀባይ ማንም አይቶ አያውቅም። የእታፈራሁ ዐይን እንባ ሞላ፤ አፏ ግን ያውቀው የነበረውን አገኘ።

«ምን ምን ይላል?» አለቻቸው።

ጋሽ ደበላ ጢማቸውን ጠረጉ፣ ትንሽ አጣጣሙ፣ በሐቅ ለመናገር የቸገራቸው መሰሉ።

«ጨው ጨው ይላል» አሉ፤ ብርጭቆውንም መለሱላት።

እታፈራሁ የቀረውን ጨለጠችው። እውነታቸውን ነበር።